ግሸን በአውሮፓ መጻሕፍት

ግሸን ደብረ ከርቤ፣ የአውሮፓ ደራስያን «የአማራ ተራራ» ያሉት፣ በወሎ አምባሰል የሚገኝ በገደል የታጠረ አምባ ነው። ለመስከረም 21 ክብረ በዓል ከወልድያና ከመርሳ የሚነሡ ተሳላሚዎች ሐብሩን አልፈው አምባሰል ሲገቡ ከደሴው አስፋልት ወደ ምዕራብ ይታጠፋሉ።

አምባው የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት ግዞት ነበር። በ1520 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ወደ ስፍራው በመጠጋታቸው በእርሱና በጓደኞቹ ላይ የድንጋይ ውርጅብኝ እንደ ወረደ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ተርኳል። አውሮፓ ይህን ማንበብ በጀመረበት ዘመን ግን አምባው በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተይዞ ግዞቱ አክትሞ ነበር።

ወሬው ከአገሩ በራቀ ቁጥር ግዞቱ ገነት ሆነ። ኢትዮጵያን ያልረገጠው ስፔናዊ መነኩሴ ሉዊስ ደ ኡሬታ በ1610 በአምባው ላይ በዓለም አቻ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ጻፈ። የግሸን እውነተኛ የመጻሕፍት ሀብት ግን ስለ ግማደ መስቀሉ (የክርስቶስ መስቀል ክፋይ) የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት ነው። አገሩን ኖሮበት የሚያውቀው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የኡሬታን ተረት ለማፍረስ ትልቅ ታሪክ ጻፈ፤ ሥራው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይታተም በመቆየቱ ግን ተረቱ ቀደመ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቸስ በ1613 ደገመው፣ ጆን ሚልተን በ1667 በታተመው ግጥሙ ተራራውን አነሣ፣ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 «ራሴላስ» በተባለው መጽሐፉ ልዑል ራሴላስን በአማራ ምድር በተዘጋ ሸለቆ አኖረው።

የአምባው ተረት በተስፋፋበት ዘመን ጥቁር ሰው በእንግሊዝ ድርሰቶች እንዴት እንደ ተሳለ ከመረመሩት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ የሴራሊዮናዊው ኤልድሬድ ጆንስ «የኦቴሎ አገር ልጆች» (1965) ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሁር ኪም ሆል በ1995 መጽሐፋቸው፣ ነጭን ከውበት ጥቁርን ከክፋት ያጣመረው የእንግሊዞች አነጋገር ከባሕር ንግድና ከቅኝ ግዛት ጋር አብሮ ማደጉን አሳይተዋል።

ለግሸን ይበልጥ የሚቀርበው የዌንዲ ቤልቸር የ2012 ጥናት ነው። ጆንሰን በወጣትነቱ የሚስዮናዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ በ1735 አሳትሞ ነበር፤ ቤልቸር የሐበሾች አስተሳሰብ በዚያ መንገድ በደራሲው ውስጥ ሠርጿል ይላሉ። አፍሪካ የሚጻፍባት ብቻ ሳትሆን የምታስጽፍም ናት ማለት ነው። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ጆንሰን የራሴላስን የቆዳ ቀለም የመጽሐፉ ጉዳይ አላደረገውም፣ ልዑሉ እንደማንኛውም አሳቢ ሰው ይጠይቃል፣ ይጓዛል።

የጆንሰንን «ራሴላስ» ኢትዮጵያዊው ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል።