ጄኢኢ አድቫንስድ

ጄኢኢ አድቫንስድ በህንድ 23 የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች (አይአይቲ) የምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚቀመጡለት ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ነው።

ከኢንስቲትዩቶቹ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1951 በካራግፑር ተከፈተ። በ2013 መግቢያው በሁለት ደረጃ ተከፈለ፤ በመጀመሪያው ደረጃ ማለትም በጄኢኢ ሜይን ከፍተኛ ውጤት ያመጡ 250,000 ገደማ ተማሪዎች ብቻ ወደ አድቫንስድ ያልፋሉ። አንድ ተማሪ ሊፈተን የሚችለው በተከታታይ ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ ነው። ፈተናውን ኢንስቲትዩቶቹ ራሳቸው በየተራ ያዘጋጃሉ።

በፈተናው ዕለት ተማሪው እያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት የሚፈጁ ሁለት ወረቀቶችን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይሠራል። የትምህርት ዓይነቶቹ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ናቸው። ከ2018 ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። አንዳንድ ጥያቄዎች ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ አላቸው፤ ከትክክለኞቹ ጋር አንድ ስህተት ተደባልቆ ከተመረጠ ነጥብ ይቀነሳል።

ያለፉት ተማሪዎች የሚፈልጉትን ኢንስቲትዩትና የትምህርት ክፍል በቅደም ተከተል ይሞላሉ፤ ምደባው በደረጃቸው ይወሰናል። በቦምቤይ አይአይቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መቀመጫ ለአጠቃላይ ተወዳዳሪዎች የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ መቶ ደረጃዎች ውስጥ ነው። ከመቀመጫዎቹ 15 በመቶው ለተመዘገቡ ካስቶች፣ 7.5 በመቶው ለተመዘገቡ ጎሳዎች፣ 27 በመቶው ለሌሎች ኋላ ቀር መደቦች፣ 10 በመቶው ደግሞ በኢኮኖሚ ደካማ ለሆኑ የተጠበቀ ነው።

የፈተናው ፉክክር ሰፊ የማጠናከሪያ ትምህርት ገበያ ፈጥሯል። በራጃስታን ግዛት የምትገኘው ኮታ ከተማ የዚህ ገበያ ዋና ማዕከል ስትሆን፣ ከመላ አገሪቱ የሚመጡ ወጣቶች በሆስቴል እያደሩ ይዘጋጁባታል።