ያልተቆጠረ ሥራ፦ የአለን ፔጅ የሙያ ዘመን

በአሜሪካን ፉትቦል ዋናው ሊግ፣ በኤንኤፍኤል ይፋዊ መዝገብ፣ አለን ፔጅ በሳክ ረገድ ያስመዘገበው ቁጥር የለም። ሳክ የሚባለው የመከላከያ ተጫዋች ሰብሮ ገብቶ የተቃራኒውን ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች፣ ኳሱን ሳይወረውር መሬት ላይ ሲጥለው ነው። ሊጉ ሳክን በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፔጅ ጫማውን የሰቀለው በ1981 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ለ15 የውድድር ዘመናት ዋና ሥራው ይኸው ሆኖ ሳለ ቆጣሪ አልነበረውም። ያም ሆኖ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው የመጀመሪያው የመከላከያ ተጫዋች እሱ ነው።

ፔጅ ነሐሴ 7 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ ተወለደ። ካንተን የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ኤንኤፍኤልም በ1920 የተመሠረተው እዚያው ነው። እናቱ የሞተችው ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። ልጅነቱ ዘርን መሠረት ያደረገ ልዩነት በሕግ ይደገፍ በነበረበት ዘመን ላይ አረፈ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ በ1954 ሲፈርድ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። ሕግ የሰውን ኑሮ ሊለውጥ እንደሚችል የተረዳው ከዚያ ፍርድ እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ከኳስ ይልቅ ጠበቃ መሆንን የተመኘውም ያኔ ነው።

ሊጉ የታላላቅ ተጫዋቾቹን መታሰቢያ አዳራሽ በካንተን መገንባት ሲጀምር ፔጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ከግንባታው የቀን ሠራተኞችም አንዱ ሆነ። አዳራሹ በ1963 ሲከፈት እሱ በኢንዲያና ወደሚገኘው ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ አመራ። በ1966 የዩኒቨርሲቲው ቡድን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆን በመከላከያው መስመር ላይ ነበር። በፖለቲካ ሳይንስ ተመረቀና በ1967 የሊጉ ቡድን ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 15ኛ አድርጎ ወሰደው።

የመከላከያ መስመር ተጫዋች ሥራ ከመቀመጫ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ግፊያ ብቻ ይመስላል። ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ አንድ እጁን መሬት ላይ ያሳርፋል። ፊት ለፊቱ፣ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ፣ ከእሱ የሚከብድ አጋጅ ተደቅኗል። ኳሱ ሳይንቀሳቀስ መስመሩን ካለፈ ቡድኑ በአምስት ያርድ ይቀጣል። ከዘገየ ደግሞ አጋጁ ደረቱ ላይ ያርፋል፤ ነገሩም ያበቃል። ኳርተርባኩ ለማሳሳት ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋልና ጆሮን ማመን አያዋጣም፤ የሚታመነው ዓይን ነው፣ የሚታየውም ኳሱ ብቻ። ፔጅ ከእኩዮቹ የተለየው በዚህች ቅጽበት ነው። በኮሌጅ በመስመሩ ጫፍ ላይ ይጫወት የነበረውን ወጣት ቫይኪንግስ ወደ መሐል አስገብቶ በቀኙ የታክል ቦታ አሰለፈው። ያ ቦታ የግዙፎች ቦታ ነበር። እሱ ግን ኳሱ ገና ከመሬት ሲላቀቅ ይነሣና አጋጁ ቀና ሳይል በጎኑ ያልፈዋል። ጉልበተኛን በጉልበት ከመግጠም ቀድሞ መገኘትን መረጠ። የመስመር ተጫዋቾች እስከ 1977 ድረስ የተጋጣሚን ራስ ቁር በመዳፍ መምታት ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ ሥራው ለሁሉም ከባድ ነበር።

ከፔጅ ጎን ጂም ማርሻል፣ ካርል ኤለርና ጌሪ ላርሰን ይሰለፉ ነበር። አራቱን ሕዝቡ ከመለያቸው ቀለምና በ1958 ከወጣ ታዋቂ ዘፈን በመነሣት "ሐምራዊዎቹ ሰው በላዎች" አላቸው። ሜዳቸው በብሉሚንግተን የነበረው ጣሪያ አልባው ሜትሮፖሊታን ስታዲየም ነበር። የሚኒሶታ ታኅሣሥ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነው። አሠልጣኙ በድ ግራንት ግን በተጠባባቂዎች መቀመጫ አጠገብ ማሞቂያ እንዲቆም አይፈቅድም ነበር፤ ሐሳብ ከጨዋታው ወጥቶ ወደ እሳቱ እንዳይሄድ ነው። እንግዳው ቡድን ማሞቂያው ዙሪያ ሲሰበሰብ ቫይኪንግሶች እንደቆሙ ይጠብቃሉ።

1971 የፔጅ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከዲትሮይት ጋር ሲጫወቱ ዳኞች በተከታታይ ቀጡት፤ በቅጣቱ ተቆጥቶ በዚያው ጨዋታ ተጋጣሚውን ማንም ሊያቆመው እስከማይችል ድረስ ደጋግሞ ሲጥል የሚያሳየው ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል። በዓመቱ መጨረሻ የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ በዚያው ዓመት የጀመረውን የምርጥ የመከላከያ ተጫዋች ሽልማት ሰጠው፤ አልፎም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች አድርጎ መረጠው። ይህ የመጨረሻው ሽልማት ኳሱን ለሚይዙት፣ ለሚወረውሩትና ለሚሮጡት የተተወ ያህል ነበር። ከፔጅ በኋላም ያገኘው የመከላከያ ተጫዋች በ1986 የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ላውረንስ ቴይለር ብቻ ነው። የመስመሩ ትልቅነት ግን ዋንጫ አላመጣም። ቫይኪንግስ በፔጅ ዘመን ለአራት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ፦ በካንሳስ ሲቲ 23 ለ7፣ በማያሚ 24 ለ7፣ በፒትስበርግ 16 ለ6፣ በኦክላንድ 32 ለ14።

ከሜዳ ውጭ ፔጅ የተጫዋቾች ማኅበር ተወካይ ነበር። በዚያን ጊዜ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ሌላ ቡድን ቢሄድ፣ አዲሱ ቡድን ለቀድሞው ካሳ ይከፍላል፤ ቡድኖቹ ካልተስማሙ ካሳውን የሚቆርጠው የሊጉ ኮሚሽነር ነው። የካሳው ልክ ስለማይታወቅ ደፍሮ የሚወስድ ቡድን እምብዛም አይገኝም፤ ተጫዋቹም ነፃ ነው እየተባለ እንደታሰረ ይኖራል። ማኅበሩ በ1974 የሥራ ማቆም አድማ መታ። ደንቡ ሚኒያፖሊስ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከራክረውበት ሕገ ወጥ ተባለ፤ በ1976ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፍርዱን ዋና ሐሳብ አጸናው። በማኅበሩ አመራር ውስጥ ለነበረው ፔጅ ሕግ መጽሐፍ ላይ ከሚነበብ ነገር አልፎ የገዛ የሥራ ውሉን የሚነካ ጉዳይ ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ የኳስ ዓመታት አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ትቶት ነበር። በ1975 ግን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ጀመረ። ተጫዋችነቱን ሳያቋርጥ ተምሮ በ1978 ተመረቀ። በዚያው ዘመን ሩጫ ያዘው። ለሩጫ ፍቅሩ ምክንያት የሆነችው ሲጋራ ለመተው ስትል መሮጥ የጀመረችው ባለቤቱ ዳያን ናት። ሩጫው ሲበዛ ክብደቱ ቀነሰ፤ ከ110 ኪሎ ወደ 100 ኪሎ አካባቢ ወረደ። ለመሐል መስመር ተጫዋች ይህ ትንሽ ነው ያለው ቫይኪንግስ በ1978 ውድድር መካከል አሰናበተው። ቺካጎ ቤርስ የወሰደው በ100 ዶላር የማዛወሪያ ክፍያ ነው፤ የቤርሱ አሠልጣኝ ኒል አርምስትሮንግ ቀድሞ የቫይኪንግስን መከላከያ ይመራ ስለነበር ሰውየውን ያውቀዋል። ፔጅ በ1979 ማራቶን በመጨረስ በሥራ ላይ ካሉ የሊጉ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ፤ ለቤርስም እስከ 1981 ተጫወተ። በጠቅላላው 218 መደበኛ ጨዋታዎችን አንድም ሳያጓድል ተሰልፏል። በዚህ ቦታ ላይ ለተጫወተ ሰው፣ ከማንኛውም ሽልማት በላይ ይህ ቁጥር ይናገራል።

ሰውነቱ ግን ዕዳውን አልረሳም። በጨዋታ ደጋግማ የወለቀችው ማርያም ጣቱ ወደ ውጭ ታጥፋ ቀርታለች፤ ቀሪዎቹ ጣቶች ቀጥ ብለው ሲቆሙ እሷ ብቻዋን በጎን ትዘረጋለች። ፔጅ ከልጁ ጋር ሆኖ ስለዚህችው ጣት የሕፃናት መጽሐፍ ጽፏል።

ከ1979 ጀምሮ በግል የጥብቅና ቢሮ፣ ከ1985 ወዲህ ደግሞ በሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሠራ። በ1988 ካንተን ወዳለው አዳራሽ ሲገባ፣ ከ25 ዓመት በፊት በእጁ ጉልበት ባቆመው ሕንፃ ውስጥ ምስሉ ተቀመጠ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ከኳስ ሰዎች ይልቅ የሚኒያፖሊስ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት እንድታስተዋውቀው መረጠ፤ ንግግሩም ስለ ትምህርት ነበር። በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ጋር ያቋቋመው ፋውንዴሽን ለጥቁርና ለሌሎች ነጭ ላልሆኑ የሚኒሶታ ተማሪዎች የኮሌጅ ድጋፍ ይሰጣል፤ ተማሪው በምላሹ ታናናሽ ልጆችን ማስጠናት አለበት።

በ1992 ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ለመወዳደር ሲነሣ፣ አገረ ገዢው የአንዱን ዳኛ ዘመን በማራዘሙ ምርጫው ቀረ። ፔጅ ከሰሰ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ከጉዳዩ በመነሣታቸው ምትክ ዳኞች ተሰይመው ፈረዱለት፤ ምርጫው ተካሄደ፣ አሸነፈም። በጥር 1993 በሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ሦስት ጊዜ ዳግም ተመርጦ፣ ሕጉ ለዳኞች ጣሪያ ያደረገው 70 ዓመት ሲሞላው በ2015 ጡረታ ወጣ። በ2017 በሚኒያፖሊስ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ፤ በ2018 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳልያ ተቀበለ።

ሳኮቹ የተቆጠሩት ከሁሉ በኋላ ነው። ጆን ተርኒና ኒክ ዌብስተር የተባሉ አጥኚዎች የድሮ ፊልሞችንና የጨዋታ መዝገቦችን ለዓመታት እየመረመሩ ከ1960 ጀምሮ ያለውን አሰባሰቡ። በ2021 ሲታተም በፔጅ ስም 148.5 ሳክ ተገኘ፤ ግማሿ ሁለት ተጫዋቾች አንዱን ኳርተርባክ አብረው ሲጥሉ የሚካፈሏት ናት። ይህ አሃዝ ይፋዊ አይደለም፤ የሊጉ መዝገብ ዛሬም ከ1982 ይጀምራል።