የመንኰራኩር ነገር፤ ከሴባስቶፖል እስከ ካርቦን ክር



ዛሬ የምናነሣው ነገር በየመንገዱ ዳር ሁልጊዜ የምናየው፥ ነገር ግን ታሪኩን ጠይቀን የማናውቀው የመንኰራኩር ነገር ነው። ጧት ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንሄድ በአጠገባችን ሽው ብላ የምታልፈው ሞተር ብስክሌት የሰው ሕይወት ተሸክማ የምትሮጠው በሁለት ጠባብ ጎማዎች ላይ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

በቀድሞው ዘመን በደጋው አገራችን ገደሉና አቀበቱ ለመንኰራኩር ስላልተመቸ፥ ጭነት የሚጓዘው በአህያ፥ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነበረ። ሕዝቡም መንኰራኩርን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በነቢዩ በሕዝቅኤል ራእይ ስሙን ይሰማ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጐተቱ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መድፉ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ስለ ነበር በሠረገላ ላይ ተጭኖ በብዙ መቶ ሰዎች ጕልበት ተጐተተ። ንጉሠ ነገሥቱም ድንጋዩን እያስፈነቀሉ፥ ገደሉን እያስቈፈሩ፥ ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ አሠሩለት፤ ጕዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ታሪክ ጸሐፊዎች ዘወትር የሚያደንቁት መድፉን ነው፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ክብደት ችሎ ከመቅደላ አምባ የደረሰውን መንኰራኩር የበለጠ አደንቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና «ሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ አስገባ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ምድር ባቡር ከከተማው ደረሰ።

መርካቶ ግን የመጣው ከጠላት ወረራ ጋር ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ቦታ አዛወሩት። ዓላማቸው ጥቁሩን ከነጩ ለመለየት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲባረር ገበያው ቀረ፤ የሙያውም ቋንቋ አብሮ ቀረ። መኪና፥ ጎማ፥ ቸርኬ፥ ቴላዮ፥ ፍሬን፥ ባሌስትራ እያልን የምንናገረው ሁሉ ከጣልያንኛ የወረስነው ነው። ጎማ የሚጠግነውንም ባለሙያ ጎሚስታ እንለዋለን፤ ለዚህ ሙያ የአማርኛ ስም ያወጣለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በመርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለውን ያላየ ሰው ብረት ይሞታል ብሎ ሊያምን ይችላል። በዚያ ግን የሚጣል ነገር የለም። ያለቀ ጎማ ተቀዶ በረባሶ ይሆናል፤ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። የተጣመመ የብረት ቸርኬ በእሳት ይሞቃል፥ በመዶሻ ይመታል፥ እንደገና ይሽከረከራል። መልካም ጠጋኝ የብስክሌትን ቸርኬ ሲያቃና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ እንደ ክራር ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ የላላው ወፍራም ድምፅ፥ የጠበቀው ቀጭን ድምፅ ይሰጣልና። ይህ ዕውቀት በትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም።

አሁን ስለ ሚዛን እንናገር። ማናቸውም ጎማ ከቸርኬው ጋር ሲገጠም አንዱ ጎኑ ከሌላው ጥቂት ይከብዳል። መንኰራኩሩን በቀጥተኛ ዘንግ ላይ አስቀምጦ ቢለቁት ከባዱ ጎን በራሱ ወደ ታች ይዞራል፤ ያን ጊዜ በአናቱ በኩል ትንሽ እርሳስ ወይም ሌላ ብረት እየለጠፉ በየትኛውም አቅጣጫ ሲያቆሙት ጸጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ያመዛዝኑታል። ይህን የሚንቅ ሰው ሒሳቡን ይመልከት። በሞተር ብስክሌት ቸርኬ ጠርዝ ላይ የ20 ግራም ልዩነት ቢኖር፥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጊዜ ከሦስት ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ክብደት ያህል ኀይል መንኰራኩሩን በእያንዳንዱ ዙር ወዲያና ወዲህ ይስበዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ ኀይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። መሪው የሚንቀጠቀጠው፥ ጎማው ባልተስተካከለ መንገድ የሚያልቀው፥ ኩሽኔታውም ያለ ጊዜው የሚበላው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ቸርኬን ከካርቦን ክር መሥራት ተጀምሯል። ኤዲሰን ቀርከሃ አክስሎ ለመብራቱ ክር ያደርግ ነበር፤ ብርቱው የካርቦን ክር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1958 ጀምሮ በአሜሪካ፥ ቀጥሎም በጃፓንና በእንግሊዝ አገር ተገኘ። ክሩ ከሰው ጠጕር እጅግ የቀጠነ ነው፤ በሙጫ እየተነከረ ድርብ በድርብ ይነጠፍና በሙቀትና በግፊት ይደርቃል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዱካቲ የተባለው የጣልያን ፋብሪካ ቴላዮውም ቸርኬውም ከካርቦን ክር የሆነ ሞተር ብስክሌት አወጣ። የዚህ ዐይነት ቸርኬ በአፍሪካም ይሠራል፤ ብላክስቶን ቴክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ በዚሁ ይታወቃል። ቸርኬው ቀላል ስለ ሆነ ሞተሩ ለመነሣት፥ ለመቆምና ለመታጠፍ ይፈጥናል። ለረዥም ጊዜ መንቀጥቀጥም ከአሉሚንየም ይልቅ ይጸናል።

ይሁን እንጂ ጠባዩ ከብረት ጠባይ የተለየ ነው። ብረት ሲመታ ይጣመማል፤ መጣመሙም ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ካርቦን ግን አይጣመምም፤ ወይ ይችላል፥ ወይ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ላዩ ደኅና መስሎ ድርቦቹ በውስጥ ይላቀቃሉ። ጎሚስታው ጎማ የሚያወልቅበት የብረት መፈልቀቂያ ጠርዙን ሊሰብረው ይችላል፤ የሚዛኑም እርሳስ በመዶሻ የሚነከስ ሳይሆን ቦታው ተጠርጎ የሚለጠፍ መሆን አለበት፤ አሮጌው ሲነሣም በብረት መፋቅ አይገባም።

በአዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተከለከለ ወዲህም ፈቃድ ያላቸው መልእክተኞች ዕቃ ያደርሳሉ፤ እንጀራቸውም በእነዚህ ሁለት ቸርኬዎች ላይ ነው። የእነርሱ ሞተር ርካሹ ነው፤ ቸርኬውም ብረት ወይም አሉሚንየም ነው፤ ጕድጓድ ውስጥ ገብቶ ቢጣመም በመርካቶ መዶሻ ይቃናል። የተሰነጠቀ የካርቦን ቸርኬ አንድ ቀን ምን አለሽ ተራ ቢደርስ ግን ባለ መዶሻው ምን ያደርገዋል? አይቀልጥም፥ አይቀጠቀጥም፤ ፋብሪካዎቹም ዘወትር እንዲጣል ያዝዛሉ። ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ቢሸጥ ደግሞ ስንጥቁን ገዢው አያየውም፤ የሚያገኘው ቍልቍለት ሲወርድ ነው።