ጥርስና መንገድ

ሰው ረዥም መንገድ ለመሄድ ሲነሣ ስንቁን ይቋጥራል፤ ልብሱን ይጠቀልላል፤ ለእግሩም የሚመች ጫማ ይመርጣል። ጥርሱን ግን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ሕመም ከጀመረው በኋላ ነው። ታሪክን ስንመረምር ይህ ቸልታ ቀላል ነገር አለመሆኑን እንረዳለን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1497 ዓ.ም. ቫስኮ ዳ ጋማ ከሊዝበን ተነሥቶ ወደ ሕንድ ሲጓዝ የመርከበኞቹ ቀለብ በአብዛኛው ደረቅ ብስኩትና በጨው የቆየ ሥጋ ነበረ። በ1498 መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሳሉ የብዙዎቹ እጅና እግር አበጠ፤ ድዳቸውም አድጎ ጥርሳቸውን ስለ ሸፈነው መብላት ተሳናቸው። ሞምባሳ በደረሱ ጊዜ የአገሩ ንጉሥ ብርቱካንና ሎሚ ላከላቸው፤ ሕመምተኞቹም በዚያ ተሻላቸው። ነገር ግን ከሕንድ ሲመለሱ ሦስት ወር ያህል የብስ ሳይረግጡ ስለ ቆዩ ያው ደዌ ተመልሶ ሠላሳ ያህል ሰዎችን ፈጀ።

ደዌው ስከርቪ ይባላል። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም አሥራ ሁለት ሕመምተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ለየጥንዱ ልዩ ልዩ ነገር ቢሰጥ፣ ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው ዳኑ። ይህንንም በ1753 በመጽሐፍ አወጣው። ሆኖም የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞች እንዲታደል የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ያዘዙት በ1795 ነው። መድኃኒቱ ታውቆ ሳለ 42 ዓመት በከንቱ አለፈ፤ በዚህም መካከል ብዙ ሕይወት ጠፋ። የጐደላቸው ነገር ቫይታሚን ሲ መሆኑ የተረጋገጠው ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከምግቡ ቀጥሎ የሚመጣው ንጽሕና ነው። ቻይናውያን በ15ኛው መቶ ዓመት የአሳማ ጠጉር በእጀታ ላይ ተክለው ጥርሳቸውን ይቦርሹ ነበር። በእንግሊዝ አገር ዊልያም አዲስ የተባለ ሰው በ1780 ገደማ ቡርሽ እየሠራ መሸጥ ጀመረ፤ የናይለን ቡርሽም በ1938 ለገበያ ቀረበ። የአገራችን ሲራራ ነጋዴ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ከመንገዱ ዳር ወይራ ወይም ክትክታ ቆርጦ፣ ጫፉን አኝኮ፣ አጋሰሱን እየነዳ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። ወደ መካ የሚሄደው ሐጃጅም ሲዋኩን ከጓዙ አይለይም። እነዚህ መንገደኞች ሱቅም ሐኪምም በሌለበት የቤታቸውን ልማድ ይዘው መሄድ ያውቁ ነበር።

ዛሬ የአንድ ወር ጉዞ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ለጥርስ ግን አዲስ ጠላት ተነሥቷል። በየመናኸሪያው የምንገዛው ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ስኳር የበዛበት ነው። በአፋችን የሚኖሩት ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርስን ይቦረቡራል። ደክሞን ሳንታጠብ የተኛንበት ሌሊት ለእነርሱ የሥራ ጊዜያቸው ነው።

ስለዚህ ለሥራ ወደ ክልልም ሆነ ወደ ወረዳ የሚወጣ ሠራተኛ፣ ለትምህርት ከወላጆቹ የሚለይ ተማሪ፣ የተቦረቦረ ጥርስ ካለው ሳይነሣ ይታከመው። በጓዙም ቡርሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይያዝ፤ ይህ ባይገኝ መፋቂያ አይጣ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ከመኝታ በፊት ያጽዳ፤ የውሃው ንጽሕና ካጠራጠረው አፍልቶ ይጕመጥመጥ። ቡርሹንም እርጥቡን ጠቅልሎ አይሸፍነው፤ ነፋስ ያግኘው።

ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ነገር ግን የሊንድ መጽሐፍም በመደርደሪያ ላይ ሳለ አንድ መርከበኛ አላዳነም። ያዳነው ሎሚው ከመርከቡ የገባ ቀን ነው።