የማሰብ ሸክምን ማራገፍ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ኮግኒቲቭ ኦፍሎዲንግ» የሚሉት ነገር፣ በጭንቅላት የሚሠራን ሥራ ከጭንቅላት ውጭ ላለ ነገር መስጠት ነው። ስልክ ቁጥር በቃል መያዝ ትቶ ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ድምሩን ለካልኩሌተር መተው ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። ኢቫን ሪስኮና ሳም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዞሮ የሚታይን ምስል ለማየት አንገት ማዘንበልን እንኳ በምሳሌነት ያነሣሉ።

በአማርኛ «የማሰብ ሸክምን ማራገፍ» ብንለው ይስማማኛል። «የሐሳብ ሸክም» ማለት ያጥራል፤ ነገር ግን ሐሳቡን አራገፈ የተባለ ሰው ጭንቀቱን የተነፈሰ ይመስላል። እዚህ የሚራገፈው ጭንቀት ሳይሆን ሥራ ነው።

ማራገፍ በራሱ ክፋት የለውም። ባለሱቅ ሒሳቡ ትክክል ከወጣለት ይበቃዋል። ተማሪ ግን መልሱ ላይ ለመድረስ ሲለፋ ነው የሚማረው፤ ልፋቱ ከተራገፈ ትምህርቱም አብሮ ሊራገፍ ይችላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከተሠሩት ጥናቶች ይህን በግልጽ ያሳየው በቱርክ የተካሄደው ይመስለኛል።

በዚህ ጥናት የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ሐምሳ ባስታኒና ባልደረቦቿ አንድ ሺህ ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሦስት ከፈሉ። ሁሉም ሒሳቡን ከመምህራቸው ተማሩ። በልምምዱ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ በመጽሐፍና በደብተር ብቻ ሠሩ። ሁለተኛዎቹ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ጂፒቲ-4 ተሰጣቸው። ሦስተኛዎቹ የተሰጣቸው ግን መልሱን ሳይናገር ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ፣ ከመምህራን በተገኘ ምክር የተዘጋጀ ነበር። በልምምዱ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን በ48 በመቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ በ127 በመቶ በለጠ። ከዚያ መሣሪያው ተነሣና ሁሉም ብቻቸውን ተፈተኑ። ሁለተኛው ቡድን መሣሪያውን ካላዩት ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሰ። ፍንጭ ሲቀበሉ የነበሩት ከጉዳቱ በአብዛኛው ተረፉ፤ ሆኖም ያ ሁሉ የልምምድ ብልጫ ፈተናው ላይ አልታየም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ የነበሩት ትንሽ እንደተማሩ አልታወቃቸውም። ደብተሩ በትክክለኛ መልስ ሲሞላ ያየ ወላጅም አይታወቀውም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ትቶ ወደ መፈተኛ ክፍል ሲገባ ግን ይታወቃል።

ደህና ውጤት ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ በደረጃ እንዲመራ ተደርጎ የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ የፊዚክስ አስጠኚ ከጥሩ የክፍል ትምህርት በልጦ ተገኝቷል። በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት ደግሞ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ለስድስት ሳምንት ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው፣ መምህር እየመራቸው እንግሊዝኛን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ተለማመዱ፤ ካልተካፈሉት የተሻለ ውጤትም አመጡ። ይህ ብዙ ተወርቶለታል። ንጽጽሩ ግን ተጨማሪ ትምህርት ካላገኙ ልጆች ጋር ስለሆነ፣ የመምህሩንና የተጨመረውን ሰዓት ድርሻ ከመሣሪያው ድርሻ መለየት ያስቸግራል። መሣሪያው ብቻውን አስተማረ የሚሉ ሰዎች ጥናቱ ያላለውን ነው የሚሉት።

ስለዚህ መሣሪያው ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ከማለት በፊት፣ ተማሪዋ የትኛውን ሥራ እንዳራገፈች መጠየቅ ይሻላል። በቃላት የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ ቢሰጣት፣ ወደ እኩልታ የመለወጡን ሥራ ራሷ ሠርታ ማባዛቱን ብቻ ለመሣሪያው ከሰጠች፣ የዕለቱ ትምህርት እኩልታ ማውጣት እስከሆነ ድረስ አልጎደለባትም። እኩልታውን ከመሣሪያው ተቀብላ ማባዛቱን በእጇ ከሠራች ግን፣ ገጹ በእጅ ጽሑፏ ቢሞላም የዕለቱን ትምህርት አራግፋዋለች።