የጂፕ ሞተር እንዴት ተፈተነ

መኪና በሚገዛበት ጊዜ የሰው ዓይን የሚያርፈው በቀለሙና በቅርጹ ላይ ነው። ሰውና ዕቃ ተጭኖበት ዳገት ሲወጣና ጭቃ ሲገባ ግን ኃላፊነቱ የሚወድቀው በሞተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ዓለም ሁሉ «ጂፕ» ብሎ የሚያውቀው መኪና በምን ዓይነት ፈተና አልፎ ለዝናው እንደ በቃ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስታውስ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1940 የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በአራቱም ጎማዎቹ የሚሳብ ቀላል መኪና ፈልጎ ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ አቀረበ። የሙከራው መኪና በ49 ቀን እንዲደርስ ስለ ታዘዘ፣ ይህን ቀጠሮ ሊቀበል የደፈረው በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር በቡትለር ከተማ የነበረው ትንሹ የባንታም ኩባንያ ብቻ ነበር። ኩባንያውም ቃሉን ጠብቆ ሴፕቴምበር 23 ቀን መኪናውን አስረከበ። ከዚያም በሆላበርድ የጦር ሰፈር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛውን ጥርጊያ መንገድ በሌለበት ተነዳ። መርማሪዎቹ የነዱት ሊያሞግሱት ሳይሆን ድካሙን ሊያውቁ ነበርና፣ የተገኘው ጉድለት ሁሉ እየተጻፈ ተመዘገበ።

በኦሃዮ የቶሌዶው ዊሊስ ኩባንያ ግን ሌላ ተስፋ ነበረው። መሐንዲሱ ባርኒ ሩስ በ1938 ወደ ኩባንያው ሲገባ ያገኘው ሞተር ጉልበቱ ከ50 ፈረስ ያነሰ፣ ፍጥነት ሲበዛበትም ቶሎ የሚበላሽ ነበር። ሩስም አሮጌውን ጥሎ አዲስ ልፍጠር ሳይል፣ የሞተሩን በሽታ አንድ በአንድ መረመረ። ክፍሎቹ የሚገጣጠሙበትን ልክ አጠበቀ፤ ጠንካራ የብረት ቅይጥ መረጠ፤ ፒስተኑን በአሉሚኒየም አሠራ፤ ቮላኖውንም አቀለለ። በዚህም ምክንያት 2.2 ሊትር የሚይዘው ሞተር 60 የፈረስ ጉልበት ሊሰጥና በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሳይሰበር ሊሠራ ቻለ።

ይሁን እንጂ የዊሊስ መኪና ከተወሰነው 980 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት አልፎ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሩስ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ይኸውም ወይ ሞተሩን በቀላል ሞተር መለወጥ፣ ወይም ሞተሩን ጠብቆ የቀረውን ማቅለል ነው። እርሱም ሁለተኛውን መረጠ። መኪናው ተፈታቶ እያንዳንዱ ዕቃ ተመዘነ፤ ትርፍ የሆነው የቡሎን ጫፍ ተቆረጠ፤ የቀለሙ ሽፋን እንኳ ሳሳ።

በጁላይ 1941 የ16,000 መኪና ትእዛዝ ለዊሊስ ተሰጠ። ታላቁ የፎርድ ፋብሪካም በዚያው ዓመት መጨረሻ በዊሊስ ንድፍና ሞተር መኪና እንዲሠራ ተዋዋለ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው እንዲስማማ ተደርጎ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ሁለቱ ከ600,000 በላይ ሠሩ። መንገዱን የጀመረው ባንታም ግን ከ3,000 ያነሱ መኪናዎች ሠርቶ ከውድድሩ ወጣ፤ የቀዳሚነቱ ክብር ግን ሊነፈገው አይገባም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የጥሩ ሞተር መሠረቱ ጉድለትን ቀድሞ ማመን መሆኑን ነው። ጉድለት በፋብሪካ ሲገኝ የሚያፍረው ሠሪው ነው፤ በበረሃ ሲገኝ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው።