ድንጉላው የት ሄደ?

አባቴ ባዝራውን የሚያስጠቃት በአህያ ነበር። በእኛ በጉራጌ፣ ጉመር ላይ ይህ አያስነውርም፤ ጥሩ ባዝራ ያለው ገበሬ ሁሉ የሚመኘው በቅሎ ነው። በቅሎ ከፈረስ በዋጋ ትበልጣለች፤ በዳገትና በጭቃ እግሯ አይስትም፤ ሽማግሌ ያለ ስጋት ይቀመጥባታል። መኳንንቱም ቢሆኑ መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ኮርቻውን እንደተጫነ ከኋላ ይሳባል፣ የሚቀመጡበት ጦር ሜዳ ሲደርሱ ነው። በቅሎ ግን መካን ናት። አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ማለቷን እየሳቅን እናወራለን እንጂ፣ ዘሩ እሷ ላይ እንደሚያበቃ አናስብም። የአባቴ ባዝራ የወለደቻቸው በቅሎዎች ተሸጠው የቤታችንን ቀዳዳ ደፍነዋል። እሷን የምትተካ ውርንጭላ ግን ሳትወልድ አረጀች።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በወልቂጤና በቡታጅራ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ስለ ፈረስ የምጽፈው እንደ ታሪክ ምሁር አይደለም፤ የፈረስ ጥርስ ከፍቶ ዕድሜ ሲቆጥር እንደኖረ ሰው ነው።

በልጅነቴ ድንጉላ የሚፈለገው ምትክ ሲታሰብ ብቻ ነበር። ባዝራ ከወለደች በሳምንት፣ በዘጠኝ ቀን ገደማ እንደገና ትፈልጋለች፤ ያ ካለፈ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ውርንጭላዋን አስከትሎ ድንጉላ ካለው ሰው ደጅ መድረስ ጥድፊያ ነበረው። እኛ ሰፈር ለዚህ ዋጋ አይቆረጥም፤ ገብስ ወይም ቅቤ ይዞ መሄድ ይበቃል። ከዚያ አሥራ አንድ ወር ጥበቃ ነው። የድንጉላው ባለቤት ቁመቱንና ሩጫውን ይነግርሃል፤ የአባቱን ነገር ብትጠይቀው ግን የገዛበትን ገበያ ይጠራልሃል።

ፈረስ የሚታየው ጀፎረ ላይ ነው። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገዳችን ነው፤ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ የፈረስ ግልቢያም እዚያው ይሆናል። በመስቀል ሰሞን ዳማው፣ ጉራቻው፣ አምባላዩ እየተፈራረቀ ሲጋልብ ሽማግሌዎች አጥር ስር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ያሞገሱት ፈረስ ብዙ ጊዜ የተኮላሸ ነበር። ባለቤቱ ለግልቢያ እንዲመች፣ ባዝራ ባየ ቁጥር እንዳያስቸግር ብሎ አኮላሽቶታል። ሳይኮላሽ የሚቀረው ማንም ትኩረት ያልሰጠው ነው፤ መስክ ላይ ተለቅቆ ያገኛትን የሚያጠቃውም እሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ምርጡ ወንድ ይኮላሻል፣ ምርጧ ሴት ለአህያ ትሰጣለች፣ ዘር የሚቀጥለው በተረፉት ነው። ፈረሳችን ቁመት አጣ እያልን ከመሬቱና ከሣሩ ጋር እንሟገታለን። እኔ ጥፋቱ የእጃችን ነው እላለሁ።

ይህ እንግዲህ ለፈረስ ክብር በሌለው አገር ቢሆን አይገርምም ነበር። እኛ ግን ንጉሥን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። የወልቂጤ ጎረቤት ከሆነው ከጨቦ ምድር የወጡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. ሲያገለግሉ፣ አባ መላ ነበሩ። ዳኘው ወይም መላ ከየትኛው ድንጉላ እንደተወለደ ሲጠየቅ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ስሙ ለጌታው አለፈ፤ የፈረሱ ትውልድ ተረሳ።

ሌላው ዓለም በዚህ ነገር መዝገብ ይዟል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1665 የንጉሡ ሹም ኮልበር የመንግሥት ድንጉላዎች በየገጠሩ እንዲቀመጡ፣ ገበሬው ባዝራውን እያመጣ እንዲያስጠቃ ሥርዓት አቆመ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1791 የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን ትውልድ መዝግበው አሳተሙ፤ ዛሬም የእነዚያ ፈረሶች የወንድ ሐረግ ከምሥራቅ በመጡ ሦስት ድንጉላዎች ላይ ያርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና ትዕግሥት ነው።

እኛም ድንጉላ እናስቀምጥ ብንል፣ ምድራችን ለፈረስ እኩል አይደለም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ ገንዲ ይጀምራል፤ በሽታውን በዝንብ የሚቀበል ፈረስ እየከሳ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ግቤ ላይ ያንን ዝንብ ሲያጠኑና ሲያጠምዱ የኖሩት በከብቱ ምክንያት ነው። ፈረስ የሚያምርበት ደጋው ነው፤ ጉመር፣ ጌታ፣ ከቡታጅራ በላይ ያለው የዘቢዳር ተራራ ግርጌ።

ከዚያ መኪና መጣ። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል መንገድ ሲያስወጡ፣ ፈረስ ለሩቅ መንገድ መፈለጉ አበቃ። ወደ ከተማ የወረደው ጋሪ ሊጎትት ነው። የቡታጅራን ጋሪ ፈረሶች ዓመታት አክሜያለሁ። አብዛኞቹ ያልተኮላሹ ወንዶች ነበሩ፤ የአህያ ያህል ተጭነው፣ አንገትና እግራቸው ላይ እንደ መቁጠሪያ በተደረደረ የፈንገስ ቁስል የተበሉ። ባጃጅ ሲበዛ ሥራ ያጡት መንገድ ላይ ተለቀቁ። ድንጉላ ይገኛል ከተባለ የሚገኘው እዚያ ነበር፤ ታሞ፣ አስፋልት ዳር ቆሞ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ከፍሏል፤ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ አቢሲኒያ፣ ኦጋዴን እና የቁንዱዶ ተራራ የዱር ፈረሶች። ከስሞቹ መካከል ጉራጌ የለበትም። አልከፋኝም፤ ሰላሌዎች ስም ያገኙት ለግልቢያ የሚፈለግ ፈረስ ስላላቸው ነው። አገዎችም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 በደመቀ ግልቢያ ያከብራሉ። እኛ ጀፎረ አለን፣ ማኅበር ግን የለንም።

ለላም የተመረጠ ኮርማ ዘር በናይትሮጅን ዕቃ ታሽጎ ቀበሌ ድረስ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ጥሩም ሠርቷል። ለባዝራ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አላየሁም። መምጣቱንም አልጠብቅም።

ስለዚህ ልመናዬ በየመስቀሉ ከመርካቶ ወደ አገር ለሚገቡት ልጆቻችን ነው። ለፈረሱ ጌጥና ለኮርቻው የምታወጡትን ገንዘብ ግማሹን ለአንድ ድንጉላ አውጡ። ከሰላሌ ግዙ፤ ጉመርና ጌታ ላይ ለየሰፈሩ አንዳንድ ይቀመጥ፤ የሚቀልበው ሰው ይከፈለው፤ ባዝራ የሚያመጣ ገበሬ ትንሽ ይክፈል። ጥሩ ባዝራ ያላችሁም ለበቅሎ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድንጉላ አስጠቋት። የውርንጭላውን አባትና እናት፣ የተወለደበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። የአኮላሹንም እጅ ምርጡ ላይ እንዳያርፍ ያዙት።